ሚሲሲፒ ጆን ኸርት፦ ጠፋ ሲሉት እዛው መንደሩ የነበረው ብሉዝ ተጫዋች

ሸክላ_ወዳጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ብሉዝ (የአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ሙዚቃ) በተነሳ ቁጥር ያው መንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ የሚባለው ሮበርት ጆንሰን ነው የሚመጣው፣ መጠጥ፣ ጩቤ፣ በወጣትነት መቀጨት። ዛሬ እኔ ስለ ሌላ ሰው ላወራችሁ ነው፣ ይረዝማል ግን ታገሱኝ።

ጆን ስሚዝ ኸርት ይባላል፣ ሸክላው ላይ ደግሞ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት። «ሚሲሲፒ»ን የጨመረበት ሸክላ አሳታሚው ነው፣ ለገበያ እንዲመች። የተወለደው በ1890ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ካሮል ካውንቲ፣ ቲዮክ የሚባል ቦታ ሲሆን ያደገው ግን እዛው አጠገብ አቫሎን ነው። ትንሽዬ የገበሬ መንደር ናት። ትምህርቱን በልጅነቱ ትቶ እርሻ ገባ። የመምህሩ ወዳጅ የነበረ ካርሰን የሚባል ጊታር ተጫዋች አልፎ አልፎ እነ ጆን ቤት ያድር ነበርና ሰውዬው እንቅልፍ ሲወስደው ልጁ ጊታሩን ቀስ ብሎ አንስቶ ይሞክራል። በኋላ እናቱ በአንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ያገለገለ ጊታር ገዛችለት፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ማንም አላስተማረውም፣ ጊታር እንዲህ ነው መሰማት ያለበት ብሎ በራሱ ያሰበውን ነው የተጫወተው።

ከዛ በኋላ ያለው ኑሮ የእኩል አራሽ ኑሮ ነው። ጥጥ፣ በቆሎ፣ ከብት፣ ትንሽ ጊዜ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ሥራ። ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ካለ ይጫወታል፣ ነጮቹም ጥቁሮቹም ይጠሩታል። ከጎረቤቶቹ አንዱ ዊሊ ናርሙር የሚባል ነጭ ቫዮሊን መቺ ነበር፣ ጊታር የሚያጅበው ሼል ስሚዝ ሳይመቸው ሲቀር ኸርትን ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ዘር በሕግ በተለየበት በዛን ጊዜ ሚሲሲፒ ነው ይሄ። በ1928 ናርሙር ከኦኬ ሸክላ ኩባንያ ጋር የመቅዳት ዕድል አገኘና ቶሚ ሮክዌል የሚባለው የኩባንያው ሰው ወደ አካባቢው ሲመጣ «ሌላ ጎበዝ የምታውቀው አለ?» ቢለው ወደ ኸርት ቤት ወሰደው። በቃ፣ የሰውዬው ታሪክ በጎረቤት ምስክርነት ጀመረ።

ፌብሯሪ 1928 ሜምፊስ ሄዶ ስምንት ዘፈን ቀዳ፣ የወጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ራሱ በኋላ እንዳወራው ማይኩን አፉ ድረስ አስጠግተው፣ ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ ደግሞ እንዳትነቃነቅ አሉት፣ ከጭንቀቱ ብዛት አንገቱ ለቀናት ታመመ። ሸክላው ደህና ሄደና በደብዳቤ ኒውዮርክ ድረስ ጠሩት፣ ዲሴምበር 1928። እዛ ከተማ ውስጥ ሆኖ ነው አገሩ ናፍቆት «አቫሎን ብሉዝ»ን የሠራው። አቫሎን ያደግኩባት ናት፣ ሁሌ በሐሳቤ አለች ይላል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ የምታድነው እሷ ናት።

በድምሩ ስድስት ሸክላ፣ አስራ ሁለት ዘፈን ወጣለት። በዓመቱ የ1929 የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ የሸክላ ገበያ ወደቀ፣ ኦኬም ዳግም አልጠራውም። ኸርት አቫሎን ተመልሶ እርሻውን ቀጠለ። ሠላሳ አምስት ዓመት!

ቤቲ_ሐዋሳ፦
ወይኔ ቀጥል እንጂ እዚህ ላይ ይቆማል እንዴ 😭 ደግሞ አሁን ከፍቼ እየሰማሁት ነው «ሉዊስ ኮሊንስ» የሚለውን፣ ስለ ሞተ ሰው ነው አይደል የሚያወራው? ድምፁ ግን ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ነው። ጊታሩ ላይ ሁለተኛው ሰው ማነው?

ስድስት_ክር፦
ቤቲ ሁለተኛ ሰው የለም። ብቻውን ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ሲሰማው የሚጠይቀው ይሄንን ነው።

ላስረዳሽ። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ሥራዋ ቤዝ ብቻ ነው፣ ከአንዱ ወፍራም ክር ወደ ሌላው እየዘለለች ዱም-ቻክ-ዱም-ቻክ ትላለች፣ ዘፈኑ ከተጀመረ እስኪያልቅ አታቆምም፣ አትፈጥንም፣ አትዘገይም። ዜማውን ደግሞ ጠቋሚውና መሃል ጣቱ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ያወጡታል። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ የጊታሩ ገላ ላይ አርፈው እጁን ይደግፋሉ። ችግሩ ያለው የት ነው፣ ዜማው ከቤዙ ጋር እኩል አይወድቅም፣ በመሃል በመሃል ነው የሚገባው፣ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ። ስለዚህ ጭንቅላትሽ ሁለቱን ለያይቶ መያዝ አለበት። እኔ ስለማመድ መጀመሪያ አውራ ጣቴን ብቻ ቴሌቪዥን እያየሁ ሳልሰማት እስክትሄድ ድረስ ነው ያሠራኋት፣ ከዛ በኋላ ነው አንድ አንድ ኖታ ከላይ የጨመርኩት፣ ሌላ መንገድ ያለው አይመስለኝም።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ብዙዎቹ የሚሲሲፒ ዴልታ ተጫዋቾች ጊታሩን ይመቱታል፣ ክሩ ላይ ጠርሙስ አንገት ወይ ቢላ እያንሸራተቱ ያስጮሁታል። ኸርት ግን ድምፁን ከፍ አያረግም። አብዛኛውን የሚጫወተው በተለመደው ቅኝት ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኢ ላይ ነው፣ ማንም ጀማሪ የሚያውቃቸው ኮርዶች ናቸው። እዛ ውስጥ ያንን ሁሉ ማውጣት ነው የሚደንቀኝ።

ሸክላ_ወዳጅ፦
ስድስት ክር እናመሰግናለን፣ እኔ እንደዚህ አስረድቼ አልጨርሰውም ነበር።

ልቀጥል። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የሚባል ሰብሳቢ የ1920ዎቹንና 30ዎቹን ሸክላዎች መርጦ ትልቅ ስብስብ አወጣ፣ ፎክዌይስ የሚባል ሸክላ ኩባንያ ነው ያሳተመው፣ ከኸርት ሁለት ዘፈን አስገባ፣ «ፍራንኪ» እና «ስፓይክ ድራይቨር ብሉዝ»። የኒውዮርክና የዋሽንግተን ወጣቶች ይሄን እየሰሙ ጊታር መማር ጀመሩ፣ ሰውዬው ግን በሕይወት ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፣ ሞቷል ብለው ነው የሚያስቡት።

በ1963 ዋሽንግተን የሚኖር ዲክ ስፖትስዉድ የሚባል ሸክላ ሰብሳቢ የ«አቫሎን ብሉዝ» ቅጂ እጁ ገባ። ግጥሙን ሲሰማ አቫሎን የቦታ ስም ነዋ! በጊዜው ካርታ ላይ ሚሲሲፒ ውስጥ አቫሎን የሚባል የለም፣ የድሮ አትላስ ሲገልጥ ግን በግሪንዉድና በግሬናዳ መሃል አገኛት። ጓደኛው ቶም ሆስኪንስ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። መንደሯ ሱቅ ጋ ቆሞ ጆን ኸርት የሚባል ታውቃላችሁ ወይ አለ። አዎ፣ እዛ ዳገቱ ላይ፣ ሦስተኛው የፖስታ ሳጥን።

ይኸው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ጠፋ የተባለው ሰው አድራሻው ዘፈኑ ውስጥ ነበር። ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ የሰው ከብት ይጠብቃል፣ የራሱ ጊታር እንኳን የለውም። ሆስኪንስ ባመጣው ጊታር አንድ ሁለቴ ሞካክሮ ተጫወተ፣ ያው ሸክላው ላይ ያለው እጅ ነው።

የታሪክ_ተማሪ፦
ቆንጆ አርገህ ነው የጻፍከው ግን አንድ ነገር አለፍክ። ኸርት መጀመሪያ ሆስኪንስን ሲያይ የኤፍ ቢ አይ ሰው መስሎት ደንግጧል፣ ምን አጥፍቼ ነው ብሏል። ይሄን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው፣ ቀልድ ግን አይደለም። ጊዜውን አስቡት። ማርች 1963። ግሪንዉድ ማለት ለአቫሎን ቅርብ ከተማ ናት፣ በዛው ወር ጥቁሮች ለምርጫ ለመመዝገብ ሰልፍ ወጥተው ፖሊስ በውሻ ሲያባርራቸው፣ የአስመዝጋቢዎቹ ቢሮ ሲቃጠል የነበረው እዛ ነው። ኤሜት ቲል የሚባለው የአስራ አራት ዓመት ጥቁር ልጅ በ1955 የተገደለው በዚያው አካባቢ ነው። የጥቁሮች መብት ታጋዩ ሜድገር ኤቨርስ ጃክሰን ላይ ቤቱ በር ላይ የተገደለው ሆስኪንስ ከመጣ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እና የማያውቀው ነጭ፣ የሌላ ክፍለ ሀገር ታርጋ ባለው መኪና ደጁ መጥቶ በስሙ ሲጠራው ሽማግሌው ምን ያስብ? ተነስና ዋሽንግተን እንሂድ ሲለው እሺ ያለው ከፊሉ እምቢ ማለት ያስፈራል ብሎ እንደሆነ የጻፉም አሉ።

የዲሲዋ፦
እኔን ደግሞ «አገኙት» የሚለው ወሬ ያናድደኛል እውነቱን ለመናገር። ሚስቱ ጄሲ ታውቀዋለች የት እንዳለ፣ ጎረቤቱ ያውቃል፣ ባለ ሱቁ ያውቃል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያውቃል። ከዛ ከተማ ልጆች መጥተው አገኘነው ብለው ውል አስፈርመው ይዘውት ሄዱ። የውሉ ነገር እኮ ኋላ ጠበቃና ክስ አምጥቷል፣ እሱ ከሞተ በኋላም የቅጂዎቹ መብት ጉዳይ ፍርድ ቤት ነበር። በ1928 ኦኬ ለዘፈን ትንሽ ብር ከፍሎ ሸኘው፣ በ1963 ደግሞ ሌላ ወረቀት። የሚጫወተው እሱ፣ ወረቀቱን የሚይዘው ሌላ ሰው።

ሸክላ_ወዳጅ፦
የዲሲዋ ውሉ ላይ ያልሽው ልክ ነው፣ አልከራከርሽም፣ እኔም ቅር ይለኛል። ግን ሌላኛውንም ጎን እይልኝ፣ ከብት እየጠበቀ በሳንቲም የሚኖር ሽማግሌ በዚያው ዓመት ጁላይ ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው ፊት ተቀምጦ ተጫወተ፣ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዘፈኖቹን ቀዳለት፣ ካርኔጊ ሆል ገባ፣ የጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀረበ፣ ከሚስቱ ጋር ዋሽንግተን ተከራይቶ ኖረ፣ ኦንታሪዮ ፕሌስ የሚባል ካፌ ውስጥ ቋሚ ሥራ ነበረው። ደስታውን በቪድዮ ስታዪው ታውቂዋለሽ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ደስ ብሎታልም፣ ተጎድቷልም።

የዲሲዋ፦
ደስ ብሎታል እሺ። እኔ ያልኩት ደስታው የነሱ ውለታ ተደርጎ ሲወራ ነው የማይዋጥልኝ፣ ችሎታውን ይዞ ነው የጠበቃቸው፣ አንድ ኖታ አላስተማሩትም። በነገራችን ላይ ስንቶቻችን ነን ዲሲ እየኖርን ሰውዬው እዚህ እንደኖረ የማናውቀው፣ እኔ ራሴ እዚህ ክር ላይ ነው የሰማሁት፣ ነገ ያ ካፌ የት እንደነበር ልፈልግ ነው።

ስድስት_ክር፦
«አንድ ኖታ አላስተማሩትም» ያልሽው በጣም ትክክል ነው ደግሞ ማስረጃ አለው። በ1964 ሰን ሃውስ የሚባለውን የድሮ ብሉዝ ተጫዋች ሮቸስተር ኒውዮርክ አገኙት፣ ያንን የመሰለ ትልቅ ሰው፣ ለብዙ ዓመት ጊታር ስላልነካ የገዛ ዘፈኖቹን አል ዊልሰን የሚባል ወጣት (በኋላ የካንድ ሂት ባንድ አባል የሆነው) ቁጭ ብሎ መልሶ አስታወሰው። በዚያው ዓመት ሌላውን የድሮ ብሉዝ ተጫዋች ስኪፕ ጄምስን ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነው ያገኙት። ኸርት ግን መልሶ የሚያስታውሰው ሰው አላስፈለገውም፣ የ1928ቱንና የ1963ቱን «ካንዲ ማን» አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጡት ድምፁ ትንሽ ወፍሯል፣ ፍጥነቱ ትንሽ ረገብ ብሏል፣ ጣቱ ግን ያው ነው።

ጋሽ_ሬዲዮ፦
ልጆች፣ ደስ የሚል ውይይት ነው። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ይህ ሰው በእርግጥ የብሉዝ ሰው ነው ወይ? በእኔ ዘመን ሸክላ ስንሰማ ብሉዝ የምንለው አስራ ሁለት ባር (የምት ልክ) እየተደጋገመ የሚሄደውን፣ ጩኸትና ምሬት ያለበትን ነበር። የዚህን ሰው ሳዳምጥ መዝሙር አለ፣ የነፍሰ ገዳይ ታሪክ አለ፣ የጭፈራ ዘፈን አለ። ወደ ካንትሪው የሚቀርብ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ሸክላ_ወዳጅ፦
ጋሼ ጥያቄዎ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እንደርስዎ ጆሮ ያለው ሰው ስለሚያነበንም ደስ ብሎኛል።

ብሉዝ ብቻ አይደለም፣ ልክ ነዎት። ከብሉዝ በፊት በደቡቡ አገር የነበሩ ገጠሬ ተጫዋቾች ጭፈራ ላይ ሲጠሩ ሕዝቡ የጠየቀውን ሁሉ መጫወት ነበረባቸው፣ ኸርት የዛ ዘመን ሰው ነው። «ፍራንኪ» ወዳጇን ስለገደለች ሴት፣ «ስታክ ኦሊ» ስለ ነፍሰ ገዳዩ፣ «ስፓይክ ድራይቨር» ስለ ሐዲድ ሠራተኛው ጆን ሄንሪ ነው፣ እነዚህ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው የትረካ ዘፈኖች ናቸው። ኒውዮርክ ላይ መዝሙርም ቀድቷል። ግን እዛው መሃል «ጋት ዘ ብሉዝ ካንት ቢ ሳቲስፋይድ» አለ፣ «ብሉ ሃርቨስት ብሉዝ» አለ፣ እነዚህን ብሉዝ አይደሉም የሚል የለም።

የሸክላ ኩባንያዎቹ ናቸው የለዩት። ለጥቁር የሚሸጥ አንድ ካታሎግ፣ ለነጭ የሚሸጥ ሌላ ካታሎግ። ናርሙርና ስሚዝ በ1929 «ካሮል ካውንቲ ብሉዝ» ብለው ቀዱ፣ በነጮቹ በኩል ተሸጠ፣ ኸርት በጥቁሮቹ በኩል ተሸጠ፣ ሁለቱ ግን የአንድ ሰፈር ሰዎች ናቸው፣ አንድ ጭፈራ ላይ አብረው የተጫወቱ። ጋሼ የሰሙት ካንትሪ የሚመስለው ነገር እሱ ነው፣ የዚያ ሰፈር ሙዚቃ ገና ሳይከፋፈል።

ጋሽ_ሬዲዮ፦
ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ናርሙርን እሰማዋለሁ አሁን።

ቤቲ_ሐዋሳ፦
እኔ «ኮፊ ብሉዝ» የሚለው ላይ ነኝ፣ ስለ ቡና ዘፍኖ ሳልሰማው እንዴት ይለፈኝ ☕ መግቢያው ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ ስለ ቡናው ማርካ ያወራል፣ ማክስዌል ሃውስ። በጣም ነው የወደድኩት ሰውዬውን፣ አንዳንድ ዘፋኝ አለ አይደል ስትሰሙት ቤታችሁ የመጣ የሚመስላችሁ።

ስድስት_ክር፦
ያ ዘፈን ላይ ያለው የ«ላቪን ስፑንፉል» ሐረግ ነው የ60ዎቹ ባንድ ስሙን የወሰደበት፣ የጆን ሰባስቲያን ባንድ። ዘፈኑ ላይ ላዩን ስለ ቡና ነው፣ ታች ያለውን አዋቂዎቹ ይረዱታል። «ካንዲ ማን»ም እንደዛው ነው፣ ያ ደግ ፊቱን አይታችሁ አትሸወዱ፣ የጭፈራ ቤት ዘፈን ነው።

የታሪክ_ተማሪ፦
ጊታር ምረጥ ሲሉት ያደረገውንም ጨምርበት እንጂ።

ስድስት_ክር፦
አዎ አዎ። የኒውፖርት ፋውንዴሽን ሰዎች ጊታር ሊገዙለት ወስደውት፣ ውድ ነው ሳትል የፈለግከውን አንሳ ሲሉት፣ ጊልድ ኤፍ-30 የሚባለውን ጌጥ የሌለው፣ መካከለኛ መጠን ያለው ጊታር መረጠ። ምርጫው ትሕትና ብቻ አይመስለኝም እኔ፣ የጆሮም ነው። ትልቁ ጊታር ቤዙ ይበዛል፣ አውራ ጣቱ የምትሠራው ሥራ ዜማውን ይውጠው ነበር። ኤፍ-30 ላይ ቤዙ ደረቅና አጭር ነው፣ ለዚያ አጨዋወት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ቤቲ_ሐዋሳ፦
መጨረሻውስ? ዲሲ ነው የሞተው?

ሸክላ_ወዳጅ፦
አይ፣ ወደ ሚሲሲፒ ተመልሶ። ግሬናዳ ውስጥ ኖቬምበር 2, 1966 በልብ ሕመም ሞተ። ከተገኘ (የዲሲዋ ይቅር በይኝ፣ ሆስኪንስ ቤቱ ከመጣ ልበል) ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። በዚች ጊዜ ውስጥ ግን ቫንጋርድ ለሚባለው ሸክላ ኩባንያ የቀዳው ብዙ ነው፣ በ1966 አንዱ ወጣ፣ ሌሎቹ ከሞተ በኋላ። የተቀበረው አቫሎን አጠገብ ነው። በ2001 ደግሞ ቤክ፣ ሉሲንዳ ዊሊያምስ፣ ጊሊያን ዌልች፣ ታጅ ማሃል ሆነው ዘፈኖቹን የተጫወቱበት የመታሰቢያ አልበም ወጣ።

የዲሲዋ፦
ቤቱ አለ? ሄዶ ማየት ይቻላል?

የታሪክ_ተማሪ፦
ያሳዝናል፣ የኖረባት የእንጨት ቤት በልጅ ልጁ በሜሪ ፍራንሲስ ኸርት ጥረት ሙዚየም ሆና ነበር፣ ፌብሯሪ 2024 ላይ ተቃጠለች። በአሜሪካ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ በገባች ሰሞን ነው የተቃጠለችው። መቃብሩ ግን አለ፣ ጫካ ውስጥ ነው፣ ሰዎች እየሄዱ ሳንቲምና የጊታር ፒክ ይተዉበታል።

የዲሲዋ፦
ውይ። ይሄን ያህል ዓመት ቆማ!

አዲስ_ገቢ_99፦
ሰላም፣ ሙሉውን አሁን ነው ያነበብኩት። ምንም ስለ ብሉዝ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ ከየት ልጀምር? የ1928ቱ ላይ ጭርጭርታ በዝቶብኝ ድምፁ አልሰማ አለኝ።

ሸክላ_ወዳጅ፦
እንኳን ደህና መጣህ/ሽ። ጭርጭርታው ካስቸገረ በ1966 ከወጣው የቫንጋርድ አልበም ጀምር፣ «ቱዴይ» ይባላል፣ ጥራቱ ንጹህ ነው፣ ጣቶቹ ክሩን ሲነኩ ሁሉ ይሰማል። በጆሮ ማዳመጫ ስማው፣ በስልክ ስፒከር ቤዙ ይጠፋል፣ ቤዙ ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ሰውዬ የለም። ከዛ የፒት ሲገር የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የቀረበበትን ቪድዮ ፈልግ፣ ኮፍያውን አድርጎ ተቀምጦ ነው፣ ቀኝ እጁን በደንብ ያሳያል። እሱን ካየህ በኋላ ወደ 1928ቱ ተመለስ፣ ጆሮህ ጭርጭርታውን ይለምደዋል፣ «አቫሎን ብሉዝ»ን ያኔ ስማው።

ስድስት_ክር፦
ጊታር ካለህ ደግሞ «ማይ ክሪዮል ቤል»ን ሞክር፣ ሲ ላይ ነው፣ ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ለአውራ ጣት መለማመጃ የጻፍኩት አለኝ፣ ነገ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ።